የዝንጀሮ ውሃው አያ ጫኔ

እናኑ ስትደውል ሱቄ ውስጥ ከአንዲት ሴትዮ ጋር በጀሪካን ክዳን ስንጨቃጨቅ ነበር። እሷ አይገጥምም ትላለች፣ እኔ ይገጥማል እላለሁ።

«ጋሼ ሙላት፣ አባቴ አረፈ» አለችኝ።

ሴትዮዋ ክዳኑን ይዛ አፍ አፌን ታየኛለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣውን ነገር እነግራችኋለሁ፤ እዚህ ላይ ከዋሸሁ የቀረውን ባልጽፈው ይሻላል። መጀመሪያ የመጣው «ነፍስ ይማር» አይደለም። «እንግዲህ ወንዙን ማን ሊይዘው ነው?» የሚል ነው። «ነፍስ ይማር» ሁለተኛ መጣ። እንባው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኔ ዶሮ የታቀፈ ሰው ተቀምጦ እያለ ነው። ሰውየው «ሐዘን ነው?» አለኝ። «ወዳጄ ነበር» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሱ አፈረብኝ።

አያ ጫኔ ወርቅ አጣቢ ነበር። ከደብረ ኤልያስ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ሲወርዱ ዝንጀሮ ውሃ የሚሉት ወንዝ አለ። ወንዝ ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ፤ በበጋ ጫማ ሳይወልቅ ከድንጋይ ድንጋይ እየተረገጠ ይሻገሩታል፣ ከሰው ይልቅ የሚጠጣው ዝንጀሮ ነው። ክረምት ግን ያብዳል። አፈሩን፣ ጠጠሩን፣ ግንዱን ከገደሉ ጠርጎ ያመጣና መስከረም ሲጠባ ደክሞት ይተኛል። አያ ጫኔ የሚኖረው በዚያ ድካም ነበር።

ያወቅሁት ደብረ ኤልያስ ገበያ ላይ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል። ያኔ ሱቅ የለኝም። ከማርቆስ ባትሪ ድንጋይ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ሽቦ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ሳይቀር ጭኜ በየገበያው እዞርና መሬት ላይ ሸራ ዘርግቼ እሸጣለሁ። ትምህርቴን የጨረስኩት መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ሳይናገር ከዓይኑ ማንበብ እዚያ በነጻ ያስተምራሉ። ይሄ ሰውዬ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጋቢው ከጉልበቱ በታች ጭቃ ነክቶታል፤ ጣቶቹ ውሃ ውስጥ ውሎ እንዳደረ ጨርቅ ተጨማደዋል። የገበያው ሰው እርስ በርሱ ይጋፋል፣ እሱ ዙሪያ ግን አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ አለ። ሲራመድ ባዶው ቦታም አብሮት ይራመዳል።

«እዚያ የተሰበረው ሬዲዮ ውስጥ ብረት የምትስብ ነገር አለች አይደል? እሷን ብቻዋን ትሸጥልኛለህ?»

«ማግኔቷን? ለምንህ ነው?»

«ለጨዋታ ነው።»

ዕድሜው እርስዎ የሚያስብል ነበር። ሰው ሁሉ አንተ ሲለው ሰማሁና እኔም አንተ አልኩት፤ እሱም እስከ መጨረሻው እንዲሁ ቀረ። ለማንኛውም፣ ሪዙ ሽበት የጀመረው ሰው በማግኔት አይጫወትም። ከወርቅ ጋር የሚወጣው ጥቁር አሸዋ ብረት እንዳለበት፣ ማግኔት ጥቁሩን ስቦ ወርቁን ብቻውን እንደሚያስቀረው ከአንድ የአሶሳ ነጋዴ ሰምቼ ነበር። ሬዲዮውን ፈትቼ ማግኔቷን ሰጠሁትና «ለጨዋታው ጓደኛ ካስፈለገህ የሚቀጥለው ገበያ እመጣለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ወዲያው ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ይሄ የእሱ ነገር ነበር፤ ማንንም ረዘም አድርጎ አያይም። ሰው ሲበላ ፊቱን ያዞራል። ሕፃን ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ከመጣች ዳር ይወጣና እስክታልፍ ድረስ ገደሉን ያያል። ላም ስትታለብ ከሩቅ ካየ መንገዱን ይቀይራል።

እንደሄደ ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ምነው አንተ! አታውቀውም እንዴ? ቡዳ እኮ ነው። አባቱ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር። በል እጅህን ታጠብ።»

ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። እሱ በሠራው ማረሻ ታርሳለህ፣ እሷ በሠራችው እንስራ ውሃ ትቀዳለህ፣ ከእነሱ ጋር ግን እንጀራ አትቆርስም። ይሄን የሚልህ ሰው ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ በኪሱ ይዞ ነው። አያ ጫኔ ደግሞ አንድም ቀን ብረት ቀጥቅጦ አያውቅም። ከከተማ የሚመጣው ማረሻ ሲበዛ አባቱ ወናፉን ሰቅሎ ሞተ፣ ልጁ ገበቴ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ስሙ ግን ተከትሎት ወረደ።

በሚቀጥለው ገበያ አብሬው ወረድኩ። እኔ ቁልቁለቱን በመቀመጫዬ ነው የጨረስኩት ማለት ይቻላል፤ እሱ ከፊቴ እንደ ፍየል እየረገጠ አንዴም ዞሮ አልሳቀብኝም። ታች ስንደርስ ወንዙን «እንዴት ዋልሽ» አለው። ወንዝን አንቺ ሲል የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።

«ወርቅ ሰነፍ ነው» አለኝ ቁምጣውን እየሰበሰበ። «ከባድ ነዋ፣ መሄድ ይሰለቸዋል። ውሃው የሚታጠፍበትን ፈልግ። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ፈልግ። የሾላ ሥር ውሃ ውስጥ የገባበትን ፈልግ። ውሃው እፎይ የሚልበት ቦታ ላይ እሱ ተኝቶ ታገኘዋለህ።»

ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ቆፈረ፤ አለቱ እስኪያቃጭል ድረስ ቆፈረ። ከአለቱ ላይ የጠረገውን ጠጠር ከዋንዛ ራሱ በጠረበው ገበቴ ውስጥ አደረገና ውሃው ውስጥ ገብቶ ማዞር ጀመረ። እንዲህ ሲያዞር ትከሻው አይንቀሳቀስም፣ የእጁ አንጓ ብቻ። «ተናደህ የመጣህ ቀን ገበቴ አትንካ» ይላል። «ጠጠሩን የደፋህ ይመስልሃል፣ የደፋኸው ወርቁን ነው።» ጠጠሩ ሄደ፣ አሸዋው ሄደ፣ በመጨረሻ ገበቴው ጠርዝ ላይ እንደ ቅንድብ የቀጠነች ጥቁር አሸዋ ቀረች። ማግኔቷን በላስቲክ ጠቅልሎ አሳለፈባት። የጤፍ ፍሬ የማታክል ብልጭታ ብቻዋን ቀረች። በምራቁ በራሰ ጣት ነካትና ባለቀ የስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ጨመራት። አፉን በሰም ደፈነው። ቀፎውን ለመሙላት ከመስከረም እስከ ገና ይፈጅበታል።

ከዚያ አካፋውን አንስቶ የቆፈረውን ጉድጓድ መልሶ መሙላት ያዘ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እኔ ርቦኛል።

«ተወው እንጂ አያ ጫኔ፣ ክረምት ራሱ ይሞላው የለ?»

«ከብት ይገባበታል።»

«ታዲያ የሰው ከብት ምን አገባህ?»

«እግሯ የተሰበረ ላም ከተገኘች» አለ አካፋውን ሳያቆም፣ «ጉድጓድ ሰበራት አይሉም። እኔን ነው የሚሉት።»

እኩለ ቀን ሲሆን ዳቦውን አወጣና አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ልማዱ ስለሆነ እንጂ ተቀይሞኝ አልነበረም። እዚህ ላይ ራሴን ደግ አድርጌ እንዳልስል፤ ስንቅ አልያዝኩም፣ ሆዴ ይጮሃል፣ መናኸሪያ ያደገ ሰው ደግሞ ምግቡ ከማን እጅ እንደመጣ አይጠይቅም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና «ብቻህን ልትጨርሰው ነው?» ብዬ ቆረስኩ።

እሱ አልበላም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እኔ ስውጥ ወንዙን ያያል። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ አገሳሁም። ያን ቀን ምንም አላለም። በሳምንቱ ስመለስ ግን ገና ሰላም ሳንባባል «ሆድህን ደህና ሰነበትክ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ። ምነው?»

«ራስህንስ? ሌሊት አላስፈራህም?»

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው እኔን ሳይሆን ራሱን ነበር የሚጠይቀው። ሰው ሁሉ ስለ አንተ አንድ ነገር ሲል፣ አንተ ብቻህን አይደለም ማለት እስከ ስንት ዓመት ይቻላል? እሱም በልቡ አንዲት ጥግ «ምናልባት እውነት ቢሆንስ?» ብሎ ነበር የሚኖረው። ደህና መሆኔን አይቶ የዚያን ቀን ዳቦውን ሁለት ቦታ ቆረሰው። አብረን በላን።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወረድኩ። ወርቁን እገዛዋለሁ፣ ማርቆስ ለአንድ አንጥረኛ እሸጠዋለሁ። በሚዛን አልነካሁትም፤ አንድ ቅንጣት አልሰረቅሁበትም። ሰው ባይጠይቀኝም ይሄን እናገር ነበር፤ «እኔ በሚዛን አልነካውም» እያልኩ። ስንቅም መያዝ ጀመርኩ፤ ሙዝ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴ የቆርቆሮ ሳርዲን። የመጀመሪያውን ሳርዲን ስከፍትለት ውስጡን አይቶ «እነዚህን ዓሦች ማነው እንዲህ በሥርዓት ያስተኛቸው?» አለ። ቆርቆሮውን አጥቦ ወሰደው። ከዓመት በኋላ ቤቱ ስሄድ እናኑ መርፌና ክር ስታስቀምጥበት አየሁ። እናኑ አንድ ልጁ ናት፤ እናቷ በወሊድ ነው የሞተችው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ነገር አይገባኝም የምትል ዓይነት አይደለችም።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

የወርቁ ወሬ መሰማቱ አልቀረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ደብረ ኤልያስ አንዲት ጠላ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አራት ጎረምሶች ገቡ። ድንጋይ ሲፈልጡ ነበር የሚውሉት፤ ሥራው ቆሞባቸዋል። አዲስ አካፋ ይዘዋል፤ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠም።

«ሙሌ፣ ዝንጀሮ ውሃ ወርቅ አለ የሚሉት እውነት ነው?»

«አለ የሚሉ አሉ።»

«አንተ በየሳምንቱ ትወርድ የለም እንዴ?»

እነዚህ አራቱ ከወረዱ በወሩ አርባ ይሆናሉ። አርባ ሲሆኑ ሌላ ገዢ ይመጣል። ይሄን ሁሉ አንድ ጉንጭ ጠላ እስክውጥ አሰብኩት። ከዚያ የአንገቴን ክር አወጣሁና መስቀሌን በጣቴ አሻሸሁ።

«እወርዳለሁ» አልኳቸው። «ግን እኔ ጠበል ሳልጠጣ አልወርድም። ሰውየውን ታውቁት የለ?»

ቡዳ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ነጋዴ ነኝ፤ ገዢው ዕቃውን በራሱ እጅ እንዲያነሳው አደርጋለሁ እንጂ እጁ ላይ አልጭንም። ወዲያው ከመካከላቸው አንዱ አነሳው። «እኔ እኮ ያን ጊዜ እንጨት ልለቅም ወርጄ አይቶኛል። ሦስት ቀን ራሴን ለሁለት ሲከፍለኝ ሰነበተ!» ሌላው ስለ አክስቱ ጊደር ጀመረ። እኔ «እግዚአብሔር ይጠብቅ» እያልኩ ጠላዬን ጨረስኩ። አካፋዎቹ በማግስቱ ገበያ ላይ ለሽያጭ ቀረቡ። አንዱን እኔ ነኝ የገዛሁት፤ በቅናሽ።

ይሄም አልበቃኝም። ከዚያ ወዲያ በከተማው መሐል አልፌ ስወርድ አንዲት ቢጫ ጀሪካን ሰው እንዲያያት አድርጌ አንጠለጥላለሁ። ጠበል ናት። ማለትም የማርቆስ የቧንቧ ውሃ ናት። ቁልቁለቱን ስጨርስ ከአያ ጫኔ ጋር ሳርዲን በልተን በእሷ እጃችንን እንታጠባለን።

አንድ ቀን እጁን እየታጠበ «ሰው እኮ ጨርሶ ቀረ» አለኝ። «ድሮ ላም የጠፋበት ሰው እንኳ ወርዶ ከማዶ 'እንዴት ዋልክ' ይለኝ ነበር። አሁን ድምፅ የሚባል የለም። ምን አግኝቷቸው ይሆን?»

«ሣሩ ደርቆ ይሆናል» አልኩት። ሣሩ ወገብ ይደርስ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል ለእናኑ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ተባለ። ልጁ ከቁይ ወገን ነው፣ አገሩ ራቅ ያለ ስለሆነ አያ ጫኔ ተስፋ አደረገ። ሽማግሎቹ ደብረ ኤልያስ ደርሰው ምሳ በሉ፤ ምሳ የበሉበት ቤት ስለ ልጅቷ ዘር ጠየቁ፤ ከዚያው ተመለሱ። አያ ጫኔ ቤቱን አስጠርጎ፣ ጋቢውን አጥቦ፣ እስከ ማታ ደጅ ተቀምጦ ነበር።

በሳምንቱ ስወርድ ገበቴውን አልነካም። ተናዶ ነበርና ሕጉን ጠበቀ።

«ሙላት፣ አንተ የሚካኤል ማኅበር ውስጥ አለህበት» አለኝ።

አለሁበት። ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየተራ አንዱ አባል ቤት ተሰብስበን ዳቦ የሚቆረስበት፣ ሁላችን ከአንድ ጽዋ የምንጠጣበት ማኅበር ነው። የገባሁት ለነፍሴ ብዬ ነው ብል ሚካኤል ራሱ ይስቃል፤ ደብረ ኤልያስ ላይ ደንበኛ የሚበዛው በማኅበር ነው።

«ቤተ ክርስቲያን አልከለከለችኝም» አለ። «ቄሱ ያቆርቡኛል፣ ልጄንም አቁርበዋል። ሰው ነው ጽዋውን የከለከለኝ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከዚያ ጽዋ ስጠጣ ሰው ካየኝ፣ የእናኑ ነገር ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ማን ምን ይላል? እባክህ አስገባኝ።»

«እኔ ብቻዬን ምን አቅም አለኝ?»

«አቅም አላልኩህም። አንድ ቃል ነው። 'አብሬው በልቻለሁ፣ አልታመምኩም' በል። ከአንተ በቀር ይሄን የሚል ሰው አገሩ ላይ የለም።»

እሺ አልኩት። ስል ደግሞ የምር ነበር፤ ቁልቁለቱ ግርጌ ሆኜ ሁሌም የምር ነኝ። ችግሬ ዳገቱን ስወጣ ነው።

አሥራ ሁለት ደረሰ። አያ ጫኔ የታጠበ ጋቢውን ለብሶ፣ አንድ ገንቦ ማር ይዞ፣ ማኅበሩ ካለበት ቤት አጥር ውጪ አንድ ወይራ ሥር ቆመ። እናኑ ከጎኑ ነበረች። እኔ ገባሁ። ጸሎቱ ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሙሴው፣ የማኅበሩን መሪ እንዲያ ነው የምንለው፣ ነገሩን አነሱ።

«ጫኔ ልግባ ይላል። እንግዲህ ምን ትላላችሁ?»

ማጉረምረም ሆነ። አንዱ «ልጅ አለኝ እኮ!» አለ። ሙሴው ቅን ሰው ነበሩ፣ ዝም አሰኟቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙላት፣ ከሁላችን እሱን የምታውቀው አንተ ነህ። እስቲ ሳታፍር ንገረን። አብረኸው በልተህ ታውቃለህ?»

ሠላሳ ሰው አየኝ። አዎ ብል አያ ጫኔ ይገባል። ከገባ ሰው አይፈራውም። ካልተፈራ አካፋ የያዘ ሁሉ ይወርዳል። ይሄን የመሰለ ሒሳብ አእምሮዬ ውስጥ ለመሥራት ጊዜ አይፈጅብኝም፤ ጎበዝ ነኝ።

«እኔ እንኳ» አልኩ፣ «ስወርድ ስንቄን ይዤ ነው።»

ሐሰት አልነበረም። ስንቄን እይዝ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን የሚፈልገውን ሰማ። ሙሴው ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ጊዜ ይፍታው» አሉ። ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ጠጣሁ። ጥሩ ጠላ ነበር።

ስወጣ ወይራው ሥር እንደቆሙ ናቸው። እናኑ ፊቴን አየች፤ እሱ እጄን ነው ያየው።

«ጊዜ ይፈልጋል አሉ» አልኩት።

«ያችን ቃል አልካቸው?»

«አልኩ።»

«እግዜር ይስጥህ። አንተ የምትችለውን አድርገሃል» አለና ማሩን አሳቀፈኝ። አልወስድም አላልኩም። ማርቆስ ወስጄ በልቼዋለሁ፤ ይሄን የጻፍኩት እንዲያው ሳይጻፍ እንዳይቀር ነው።

ከዚያ በኋላም ዓመታት አለፉ። እናኑ ማርቆስ መጥታ ልብስ ስፌት ተቀጠረች። እኔ ሱቅ ከፈትኩ። እሷ በምትሠራበት መንገድ እንዳላልፍ ባጃጁን በሆስፒታሉ በኩል ዙር እለው ነበር፤ ባለ ባጃጁ መንገድ የማላውቅ ይመስለው ነበር መሰል ሁለት ጊዜ አስረዳኝ። ወንዝ መውረዴን ግን አላቆምኩም። አያ ጫኔ አረጀ፣ ጉልበቱ አበጠ፣ ውሃው ውስጥ ብዙ መቆም አቃተው። የምንበላበት ቀን ግን አልተቋረጠም። ከመብላቱ በፊት «ሆድህን ደህና ሰነበትክ?» ማለቱንም አልተወም፤ አሥር ዓመት ሙሉ።

ለቅሶው ላይ ስደርስ ተቀብሯል። የተሸከሙት ከቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ቤት የመጡ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው፤ የሩቅ አገር ልጆች ስለሆኑ ማን ምን እንደሚባል አያውቁም። የአገሩ ሰው መጥቷል፣ ባይመጣ ነውር ነው፤ ግን ሜዳው ላይ ራቅ ብሎ የየራሱን ስንቅ ይዞ ተቀምጧል። ቤት ውስጥ እናኑ ብቻዋን ናት። ንፍሮና ዳቦ አቀረበችልኝ። በሩ ክፍት ነው፣ ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል። በላሁ። ብዙ በላሁ፣ እንዲታይልኝ ብዬ።

«አይጨነቁ ጋሼ ሙላት» አለችኝ። «አሁን ቢበሉ ለማን ይጠቅማል?»

ቁራሹን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«አባቴ ያውቅ ነበር» አለች። ድምፅዋ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ድምፅ ነው። «የጠላ ቤቱንም፣ ጀሪካኗንም፣ ማኅበሩ ውስጥ ያሉትንም። የማሩ ቀን ማታውኑ ሙሴው ራሳቸው ነገሩን፤ አዝነው ነው የነገሩን።»

«ታዲያ ለምን ... ለምን ዝም አለኝ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። አባረው አልኩት፣ ድንጋይ ወርውርበት አልኩት። 'በሳምንት አንድ ቀን ከሰው ጋር እበላለሁ። ይሄን ካነሳሁበት ያፍርና ይቀርብኛል' አለኝ።»

እሷ ሳህኑን አነሳች። ስትመለስ ቆማ ነው የተናገረችው።

«እኔ ከእርስዎ ሌላ ነገር አልፈልግም። ያንኑ አንድ ቃል ይበሉት። እዚያው፣ ለእነሱው።»

ባለፈው አሥራ ሁለት ሄድኩ። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ተነሳሁና ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው። አሥር ዓመት አብሬው እንደበላሁ። አንድ ቀን ራሴን እንኳ አሞኝ እንደማያውቅ። ጠበሉ የቧንቧ ውሃ እንደነበር። ያን ያደረግሁት ወንዙን ለብቻዬ ለመያዝ እንደሆነ።

ከበሩ አጠገብ አንዱ «ስንት ገበቴ አስመጥተህ ነው?» አለ።

«ምን?»

«ሰውየው ሞተ፣ ወንዙ ባዶ ሆነ። አሁን ደግሞ አትፍሩ ውረዱ ልትለን ነዋ! ገበቴ ነው ወይስ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው የምትሸጥልን?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ማልኩላቸው። ስምል የባሰ ሳቁ፤ ካወቁኝ ጀምሮ የማልኩት ሁሉ ባትሪ ድንጋይ ልሸጥላቸው ነበርና። ሙሴው ብቻ አልሳቁም። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ወደ ድምፄ ዞረው «ልጄ፣ እኛ ያኔ ያመንነው አንተን አይተን ነው» አሉ። «አሁን ማንን አይተን እንመን?»

ተቀመጥኩ። ጽዋው መጣ። አሳለፍኩት፤ ይሄንንም ማንም ልብ አላለውም።

በማግስቱ እናኑ ደወለች። ከኋላዋ የስፌት መኪናዎች ይንኳኳሉ።

«አሉት?»

«አልኩት።»

«ምን አሉ?»

ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ አዝነዋል፣ አልቅሰዋል፣ ነፍስ ይማር ብለዋል። ልምድ ነው።

«ሳቁ» አልኳት።

የእሷ መኪና ቆመ። የሌሎቹ ይሰማል።

«በአባቴ ስቀው አያውቁም፤ ሲፈሩት ነው የኖሩት» አለች። «እርስዎ ይሻልዎታል።»

ዘጋችው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳው አልዘጋችም፤ መልሼ አስጠጋሁት።

«የሚቀጥለው አሥራ ሁለት መቼ ነው የሚውለው?» አለችኝ።

«በወሩ፣ ማክሰኞ።»

«እንግዲያ የዚያን ማክሰኞም ይበሉት፤ ከማኅበሩ ሲወጡ እደውላለሁ» አለችና ዘጋችው።